ስሙ የማይጠራ መድኃኒት

ሐንዘል ይባላል። በአሸዋ ላይ እየተሳበ የሚያድግ የዱር ሐረግ ነው። ቅጠሉ የሐብሐብ ቅጠል ይመስላል፤ ፍሬው ብርቱካን ያክላል፤ ሲበስል ቢጫ ይሆናል፤ ምሬቱን ግን የቀመሰው ብቻ ያውቀዋል። ስሙን ከመጀመሪያው መስመር የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸውን ሴቶች ስምና የተወለዱበትን ቀዬ ቀይሬአለሁ። የዕፁን ስም ግን አልቀየርኩም። የሚደበቅ መድኃኒት አለ ሲሉኝ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

እኔ ሮዛ ነኝ፤ የጉለሌ ልጅ። እታለምን ያወቅኋት በፈረንጆች 2014 ሳውዲ፣ ኾበር ከተማ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ከገባሁበት ቤት አምልጬ ወጥቼ ነበር። ካፊሌ፣ ማለትም አሠሪዬ፣ «ጠፍታለች» ብሎ ስላስመዘገበኝ፣ እኛ ሁሩብ የምንለው ማለት ነው፣ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ዋጋ አልነበረውም። በሰዓት ሰው ቤት እያጸዳሁ፣ የፖሊስ መኪና ባየሁ ቁጥር ግድግዳ እየታከክሁ እኖር ነበር። በአል ሒዛም አል-አኽደር ሰፈር፣ ከአንድ ያረጀ ሕንፃ ጀርባ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር የተከራየናት አንዲት ክፍል ነበረችን። ዓርብ ዓርብ እረፍት የሚያገኙ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባሉ፤ እታለምም ከእነሱ አንዷ ነበረች።

እሷ እንደኛ የተሸሸገች አልነበረችም። በደቡብ ኾበር፣ አል ዐዚዚያ፣ ባሕሩ ዳር ባለ ቤት ትሠራ ነበር። ኢቃማዋ የጸና ነው፤ ማዳሟም ዓርብ ከረፋድ ጀምሮ እስኪመሽ ትለቃታለች። በእኛ ዐይን ይህ ንግሥና ነበር። ዕድሜዋ አርባ አልሞላም፤ አጥንተ ሰፊ ናት፤ ስትራመድ ቀስ ብላ ነው፤ ረቡዕና ዓርብን ባሕር ተሻግራም አልገደፈችም። ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን እኔን ለመንካት ነው። «የከተማ ልጅ፣ ሽንኩርት ዛፍ ላይ የሚያፈራ ይመስልሻል» ትለኛለች። እኔም «ሊፍት በገባሽ ቁጥር የምታማትቢው አንቺ አይደለሽ?» እላታለሁ። እንዲህ ተባብለን እንስቅ ነበር።

አባቷ አቶ ምንያህል ከደብረ ታቦር ማዶ፣ በእስቴ በኩል የታወቁ ሥር ማሽ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው እውቀታቸውን ለበኩር ልጃቸው ለእታለም አወረሱ። አወረሱ ስል ቁጭ አድርገው አስተማሯት ማለቴ አይደለም፤ ልጅ ኋላ ኋላ እየተከተለች ዐይኗ ያየውን ትይዛለች እንጂ። ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ከማንም ጋር ቃል ሳይለዋወጡ ይወጣሉ። ሥሩ የሚማሰው በበሬ ቀንድ ነው፤ ብረት ከነካው ኃይሉ ይሸሻል። ማሹ ጥላው እንዳያርፍበት ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞራል። ሲጨርስ ጉድጓዱ ውስጥ ጥቂት የገብስ ፍሬ ጥሎ አፈር ይመልስበታል፤ ምድር ባዶ እጇን እንዳትቀር።

አቶ ምንያህል ከሥር ሁሉ የሚያከብሩት የምድር እምቧይን ነበር። ለቁርጠት፣ ለሆድ ድርቀት፣ ለእብድ ውሻ ንክሻ ሳይቀር የምትፈለግ የዱር ሐረግ ናት። ሌላው እምቧይ ቀጥ ብሎ ሲቆም እሷ ለምን መሬት ለመሬት እንደምትሄድ ለልጃቸው እንዲህ ብለው ነገሯት። ፈጣሪ ዕፅዋትን ሁሉ ጠርቶ «ምን ምን ታድናላችሁ?» ቢላቸው፣ እያንዳንዱ እየተነሣ ስሙንና ሙያውን ዘረዘረ። የምድር እምቧይ ብቻ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ፈጣሪም «ስምሽን ከደበቅሽ፣ ኃይልሽ አንቺን በሚደብቅሽ ሰው እጅ ይሁን፤ ስምሽ በበሽተኛው ላይ የተጠራ ዕለት መርዝ ሁኚ» አላት። እሷም እንደተኛች ቀረች።

ሕጉ ከዚህ ይመነጫል። በሽተኛው የጠጣውን አያውቅም፤ አስታማሚውም አያውቅም። በተለይ መድኃኒቱ ገና ሆድ ውስጥ ሳለ ስሟ ከተጠራ፣ ልታድነው የገባችውን ሰው ትገድለዋለች። አባቷ ነፍሳቸው ልትወጣ ስትል እጇን ይዘው ያስማሏት ይህንኑ ነበር። እኔ ይህንን ሁሉ የሰማሁት ከሆነው ነገር በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው «ስሙ ከተጠራ ይረክሳል» የምትለዋን ብቻ ነበር። የኛ ሰው ደግሞ አዋቂ «አትጠይቁኝ» ሲለው ይበልጥ ያምናል።

የማዳሟ ቤተሰብ ባሕሩ ዳር ሌላ የዕረፍት ቤት አላቸው። እታለም አንድ ቀን እዚያ ቆሻሻ ልትጥል ከአጥሩ ጀርባ ብትወጣ፣ አሸዋው ላይ የተዘረጋ ሐረግ አየች። ቅጠሉ የተሸነታተረ፣ ግንዱ ጸጉራም፣ ፍሬው ድቡልቡልና ዥንጉርጉር። የቆሻሻውን ከረጢት እንደያዘች ቁጭ ብላ አለቀሰች። «አገሬ ተከትላኝ መጣች አልኩ» ብላ ነግራኛለች። ልዩነቱን አላየችም ማለት አይደለም። የእስቴዋ የምድር እምቧይ ፍሬዋ ትንሽና እሾሃም ናት፤ ይህኛው ትልቅና ልሙጥ ነው። ለዚህም መልስ አላጣችም። «እኛስ እዚህ ስንመጣ እሾሃችንን አውልቀን አይደል የምንኖረው?» ብላ ራሷን አሳመነች።

የመጀመሪያዋ በሽተኛ እኔ ነበርኩ። ዳቦ በሩዝ፣ ሩዝ በዳቦ እየበላሁ ሆዴ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ከደረቀ ሥር ጥፍር የምታህል ፍቃ በሞቀ ውኃ አጠጣችኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ያሳፍረኛል። መጸዳጃ ቤታችን አንድ ብቻ ነበር፤ የዚያን ዕለት ከእኔ በቀር ማንም አልገባበትም። ብቻ ዳንኩ። ወሬውን የነዛሁትም እኔው ነኝ። ከደማም መጡ፣ ቀጥሎም ከጁበይል መጡ። ሐኪም ቤት ኢቃማ ይጠይቃል፤ እታለም አትጠይቅም። ሰው ሁሉ እጀ መልካም ይላት ጀመር፤ እኔም እንደ ደላላ በር ላይ ቆሜ አስተናግዳለሁ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የቄሱን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። አወቅሽ አወቅሽ ባዮቹን የምመራው እኔ ነበርኩ።

ዙለይኻ ወደ ክፍላችን የመጣችው በ2015 ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ከወሎ ቆላ። በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በእግሯ ወደ ጂዛን፣ ከጂዛን በጭነት መኪና ከጆንያ ሥር ተሸሽጋ ደማም ገባች። ወረቀት የሚባል ነገር በእጇ ኖሮ አያውቅም። በደማም ኢንዱስትሪ ከተማ ለፋብሪካ ሠራተኞች ምግብ በሚያበስል ሰው ዘንድ ሽንኩርት ስትልጥ ትውላለች፤ ሲመሽ እኛ ጋ ታድራለች። ፈጣን ልጅ ነበረች፤ ለሶላት ስትነሣ እንኳ የሚያባርራት ያለ ይመስላል። እወዳት ነበር። ሆዷ ግን ያማታል። የመን በረሃ ውስጥ የጉድጓድ ውኃ ከጠጣች ጀምሮ ከደረቷ ሥር ያቃጥላታል። «ያልፋል፣ ኢንሻአላህ» ትላለች፤ አያልፍም።

በጥቅምት መጨረሻ ሕመሙ ጸናባትና ሁለት ቀን ሥራ ቀረች። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ እታለም ስትመጣ ልጅቷ ፍራሹ ላይ ተጠቅልላ ነበር። ያን ሳምንት ግን እታለም ሥር አልያዘችም። የዕረፍት ቤቱ እንግዳ በዝቶባት ንጋት ላይ ለመማስ አልወጣችም፤ በቀን ቆሻሻ ስትጥል የቀጠፈቻቸውን ሦስት ቢጫ ፍሬዎች ብቻ ነበር የያዘችው። አባቷ ሥሩን እንጂ ፍሬውን ለሰው ሲያጠጡ አይታ አታውቅም። መጠራጠሯን ከፊቷ አነበብኩ።

«ዛሬ ይቅርባት። በሚመጣው ዓርብ ደህናውን ይዤ እመጣለሁ» አለች።

ዙለይኻ ቀና አለች። «እትዬ፣ እስከዚያ ከቀረሁ ሌላ ሴት ያስገቡብኛል። ወላሂ አስገብተውብኝ ይሆናል አሁንም።»

«ስንቱን አድነሽ የለም እንዴ? ይህቺ ታቅትሻለች?» አልኩ እኔ። ይህ አፌ በዚያች ሰዓት በተቆለፈ!

እታለም መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ስትቀምም ማንም አያያትም። በሻይ ብርጭቆ የደፈረሰ ነገር ይዛ ወጣች። ዙለይኻ አንዴ ተጎንጭታ ተፋችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አትጠይቂኝ፤ ጨልጪው» አለቻት እታለም።

እኔ ከኋላ ትከሻዋን ደግፌ ያዝኩ። እታለም ብርጭቆውን አፏ ላይ አስጠጋችላት። ልጅቷ «ቢስሚላህ» ብላ ጨለጠችው። ፊቷ እንዴት እንደተጨማደደ ዛሬም ይታየኛል።

እታለም አመሻሹ ላይ ወደ ሥራዋ ስትመለስ መድኃኒቱ የዙለይኻን ሆድ መጥረግ ጀምሮ ነበር። «ጥሩ ምልክት ነው» ብላን ሄደች። ቅዳሜ ጠዋት ግን የሚወርደው ደም ብቻ ሆነ። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ፤ ስታቃስት ድምፅዋ አይወጣም። ኑርዲንን ጠራሁት። የአገሯ ልጅ ነው፤ ሹፌር ነው፤ ወረቀትም አለው። ዓባያና ኒቃቤን ለብሼ አብሬው ተሳፈርኩ። የኒቃብ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሁሩብ ያለባትንም የሌለባትንም እኩል ያደርጋል። ደማም ውስጥ አንድ ሆስፒታል ስንደርስ ኑርዲን «እህቴ ናት» አለ፤ የኢቃማውን ነገር ለኋላ ትተው አስገቧት።

ሐኪሙ ሱዳናዊ ነበር፤ ጸጉሩ የሸበተ፣ ዐይኑ የደከመ ሰው። ሆዷን ነካ ሲያደርጋት ጮኸች።

«ምን ወሰደች?» አለኝ በዐረብኛ።

«የአገር ቤት መድኃኒት።»

«ስሙ?»

«አላውቀውም።»

«ክኒን ነው? ቅጠል ነው? ለጽንስ ነው?»

«አላውቅም፣ ዶክተር። መራራ ነው።»

ጓንቱን አወለቀና ፊት ለፊቴ ቆመ። «ስሚኝ። ወይ አንጀቷ ተበስቷል፣ ወይ ተመርዛለች። ተበስቶ ከሆነ ሆዷን መክፈት አለብኝ። ተመርዛ ከሆነ ግን በዚህ አቅሟ መክፈት ራሱ ሊገድላት ይችላል። የወሰደችውን ነገር ስም አምጪልኝ። የምጠብቅሽ እስከ ከሰዓት ነው።»

ኮሪደር ላይ ቆሜ እታለም ጋ ደወልኩ። ወጥ ቤት ነበረች፤ ከበስተኋላዋ የድስት ድምፅ ይሰማል።

«እታለም፣ ያጠጣሻት ምንድን ነው? ስሙን ንገሪኝ።»

ምድጃውን ስታጠፋ ሰማሁ።

«ደም እየፈሰሳት ነው። ሐኪሙ ስሙን ይፈልጋል።»

«መድኃኒቱ ወጥቶላታል?»

«እኔ ምን አውቄ! ስሙን ንገሪኝ አልኩሽ!»

«ሮዚዬ፣ ገና ሆዷ ውስጥ ነው። አሁን ከጠራሁት ይዟት ይሞታል። እየጠረጋት ነው፤ በሦስተኛው ቀን ይለቃታል። ስለ እመቤታችን ብለሽ አታስጠሪኝ።»

«ሊከፍቷት ነው! ሆዷን በቢላ ሊከፍቷት ነው!»

«እኔ ልጅቷን አልገድልም» አለች፤ ታለቅስ ነበር።

ሰደብኳት። ለእናትም ለአባትም የማይባል ስድብ ነው የሰደብኳት። እሷ ግን «እኔ ልጅቷን አልገድልም» እያለች ስልኩን ዘጋችው። ይህንን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ፖሊስ ፈርታ አልነበረም፤ ለኢቃማዋም ሳስታ አልነበረም። ዝም ያለችው ዙለይኻን ለማትረፍ ነው። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው ብትሆን እርግማኔ ይቀለኝ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቻለሁ፤ መድኃኒቱን ለሚደብቅ ግን የቀደሙት ሰዎች ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ዐሥር ሰዓት ላይ ሐኪሙ ወጥቶ አየኝ። «አላገኘሁም» ስል ራሴን ነቀነቅሁ። አስገብተው ከፈቷት።

እሑድ ማለዳ እታለም በምትሠራበት ቤት የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ነች። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ስትጸልይ ነበር ያደረችው። የማዳሟ እናት፣ ሠራተኞቹ ማማ ከቢራ፣ ትልቋ እናት፣ የሚሏቸው፣ በድንኳን ያደጉ አሮጊት ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ይሞቃሉ። እታለም የተረፈውን አንድ ፍሬ ከአልጋዋ ሥር አውጥታ ጭናቸው ላይ አኖረችው። ስም አልጠራችም፤ ማሳየት መጥራት አይደለም ብላ ነው።

«ማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አሮጊቷ ሳቁ። «ሐንዘል! ከየት አገኘሽው? ልጅ ሆነን እናቶቻችን ቀቅለው እግራቸውን ይነክሩበት ነበር፤ ለቁርጥማት፣ ለስኳር።» የሚያጫውታቸው ነገር ስላገኙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሦስቴ ጠሩት። ግቢው ውስጥ የሚጫወቱት ልጆች «ሐንዘል! ሐንዘል!» እያሉ ተቀበሏቸው። እታለም የሚሆነውን ለማየት ዐይኗን ጨፍና ቆመች፤ ምንም አልሆነም።

«በአፍስ ይወሰዳል፣ ማማ?»

«ማፊ! በአፍ የለም! አንጀት ይቆራርጣል።» ከዚያ የእታለምን ፊት አዩና ሳቃቸው ጠፋ። «ማን ጠጣው?»

እታለም መሬት ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው የገባት። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባላል፤ እሷ ግን የሰው አገር ሐረግ በአባቷ ሐረግ ስም አጥምቃ ኖራለች። አሮጊቷ የሆነውን ከሰሙ በኋላ ሹፌሩን ጮኸው ጠሩና «ውሰዳት» አሉት፤ እሷንም «ያደረግሽውን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሪ፣ አትደብቂ» ብለው አሳፈሯት።

እታለም የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ጥቁር ፌስታል በእጇ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ አየኋት። ልመታት ተነሥቼ ነበር፤ ፊቷን ሳየው እጄ ወረደ። ሐኪሙ ፌስታሉን ከፍቶ አየና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሐንዘል» አለ። «እኔ ያደግኩት ኮርዶፋን ነው። የእናቴ ግቢ ጀርባ ሙሉ ይህ ነበር። ይህንን የማያውቅ ሕፃን የለም።» ፍሬውን እያገላበጠ ቆየ። «ትናንት ብታሳዩኝ አልከፍታትም ነበር። ውኃና ደም እየሰጠሁ እጠብቅላት ነበር። አንጀቷ አልተበሳም፤ ቆስሏል እንጂ። ጨጓራዋ ላይ አሮጌ ቁስል አገኘሁ፤ መጀመሪያ ያመማት እሱ ይሆናል። በክኒን የሚድን ነበር።»

«ትድናለች?» አለች እታለም።

«ኩላሊቷ ሥራ አቁሟል» አለ።

ለጥቂት ጊዜ እንድናያት ፈቀዱልን። ቧንቧ በአፏ ገብቷል፤ ዐይኗ ተከድኗል። እታለም ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ላይ አፏን አስጠጋች። «ሐንዘል ነው፣ እህቴ። ያጠጣሁሽ ሐንዘል ነው። ጠራሁልሽ፤ ሰማሽኝ? ሐንዘል ነው» አለቻት። ነርሷ እስክታስወጣት ድረስ ደጋግማ ጠራችው። እኔ የዙለይኻን እግር በአንሶላው ላይ ይዤ ቆሜ ነበር። ስትጠጣ ትከሻዋን ደግፎ የያዘው እጅ የእኔ መሆኑን ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ አሁን ይኸው ተናገርኩ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሞተች። ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ «የዱር ፍሬ በስህተት በልታ» ብሎ ጻፈ፤ ስለ እታለምም ስለ እኔም አንድ ቃል አላሰፈረም። ኑርዲንና ጓደኞቹ ሰገዱባት፤ ደማም ተቀበረች። እታለምን የጠየቃት ፖሊስ የለም፤ የከሰሳት ሰው የለም። ይፈረድብኛል ብላ ልብሷን በሻንጣ አጥፋ ትጠብቅ ነበር፤ የመጣባት ግን አልነበረም። ወደ ክፍላችን መድኃኒት ፈልገው የመጡትን ሴቶች እኔ ከበር መለስኳቸው። አንዳንዶቹ ተቆጡኝ፤ እጀ መልካሟን ለብቻሽ ልትይዣት ነው አሉኝ።

መርዶው ለዙለይኻ እናት በአገሩ ወግ ነው የደረሰው። ኑርዲን ለመንደሩ ሽማግሌዎች ደወለ፤ እነሱ ጎሕ ሲቀድ ሄደው አረዷት። በሚቀጥለው ዓርብ እታለም «ልደውልላት ነው» አለችኝ። «ምን ልትያት?» አልኳት። ስልኩን ድምፁን ከፍታ ፍራሹ ላይ በመካከላችን አኖረችው።

የሴትዮዋ ድምፅ በለቅሶ ብዛት ሰልሏል። ማን እንደሆንን ስንነግራት ከእንባዋ ጋር እየታገለች መረቀችን።

«ሐኪም አይቷታል?» አለች።

«አይቷታል፣ እናቴ» አለች እታለም።

«ሰግደውባታል?»

«ሰግደውባታል።»

«አልሀምዱሊላህ። ሜዳ ላይ ቀረች ብዬ ነበር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንቺ ነሽ እታለም ማለት? ስለ አንቺ ትነግረኝ ነበር። እናት የመሰለች፣ እጀ መልካም እህት አግኝቻለሁ ትለኝ ነበር። አላህ እጅሽን ይባርከው፣ ልጄ።»

«እጄን አይመርቁት» አለች እታለም።

ከዚያ ነገረቻት። አንድም ነገር አልተወችም። ፍሬውን፣ ብርጭቆውን፣ የእኔን ስልክ፣ የእሷን ዝምታ፣ የአባቷን ቃል፣ የሐኪሙን ቃል። «የገደልኳት እኔ ነኝ። ሐንዘል ይባላል» ብላ ጨረሰች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ላነሳ ስል ከወዲያ የዶሮ ድምፅ ሰማሁ፤ አልተቋረጠም።

«ወንድሞቿ እዚህ የሉም» አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ሌላ ሆኗል። «ማሳ ወርደዋል። ለእነሱ ነግረሻል?»

«አልነገርኩም። ልነግራቸው ነው። የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ።»

«አትነግሪያቸውም! የአንቺን ደም ፈልጌ መሰለሽ? ያሉኝ ሁለት ወንዶች ናቸው። ይህንን ከሰሙ ዛሬም ይሁን ነገ፣ አገርሽ የተመለስሽ ዕለት ፈልገው ያገኙሻል። አንቺም ትሞቻለሽ፤ እነሱም በእስር ይበሰብሳሉ። አንዷን ቀብሬአለሁ፤ ሁለቱን አልሰጥም።»

«እናቴ፣ እኔ ደብቄ መኖር አልችልም። ከእንግዲህ አልችልም።»

«ትችያለሽ። ሆዷን አሟት ሞተች። በቃ። ለእነሱም፣ ለቄስሽም፣ ለማንም። ማይልኝ!»

እታለም እኔን አየችኝ።

«ማይልኝ፣ ልጄ» አለች ሴትዮዋ እንደገና፤ አሁን እያለቀሰች ነበር።

እታለም እናትየው እንደማታያት እያወቀች ቀኝ እጇን አነሣች። «እምላለሁ» አለች።